ሕያው የሒሳብ ምልክቶች የሚተውኑበት አጭር አኒሜሽን እንዴት ይሠራል?

አሜሪካዊው አኒሜተር አለን ቤከር በ2006 «አኒሜተር ቨርሰስ አኒሜሽን» ብሎ የጀመረው ሥራ በ2023 ወደ ሒሳብ ዓለም ዘለቀ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። «አኒሜሽን ቨርሰስ ማዝ» የተባለው ቪዲዮ 14 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። አንድም ቃል አይነገርበትም። በመስመር የተሳለ ብርቱካናማ ሰው ባዶ ቦታ ላይ 1 ቁጥርን ያገኛል። ከ1 ተነስቶ መደመሩን፣ መቀነሱን፣ ማባዛቱን እየነካካ ይማራል። ትንሽ ቆይቶ ከሒሳብ ሊቁ ከኦይለር ቀመር የተሠራ ሕያው ፍጡር ይገጥመዋል። ፍጡሩ ይሸሻል፣ ይናደዳል፣ ይዋጋል።

ቪዲዮውን ያየ ሰው «እኔም እንዲህ ያለ ነገር በሠራሁ» ማለቱ አይቀርም። ይቻላል። ስቱዲዮ አያስፈልግም፤ ደህና ስልክ ወይም መካከለኛ ኮምፒውተር ይበቃል። ስዕሉም ቢሆን ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ምልክቶቹን በእውነት ሕያው ማድረጉ ነው። የመደመር ምልክት ዐይንና ፈገግታ ስለተሳለበት ሕይወት አያገኝም። ሕይወት የሚያገኘው የሚሠራው ሥራ ጠባዩ ሲሆን ነው። ይህ መመሪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሄደው በዚህ ሐሳብ ነው። የምንሠራው 40 ሰከንድ የምትሆን አንዲት ታሪክ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥቂት ምልክቶችን ምረጡ

መጀመሪያ ላይ ሁሉንም መጥራት ያምራል። ኢንተግራሉ፣ ሲግማው፣ ሎጋሪዝሙ። ለጊዜው ተዉአቸው። ለ40 ሰከንድ ሰባት ምልክት ይበቃል፦ 0፣ 1፣ +፣ −፣ ×፣ = እና √። ሌሎቹ ቁጥሮች ከእነዚሁ ይወለዳሉ። 1 እና 1 በ+ ሲገናኙ 2 ይመጣል፤ 2 እና 1 ሲገናኙ 3። ተመልካቹ ዓለሙ ከምን እንደተሠራ በዐይኑ ያያል፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ ሥራውን ጻፉ፣ ከዚያ ገላውን ሳሉ

ወረቀት አውጡና ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ስለ መልኩ አትጻፉ፣ ስለ ሥራው ጻፉ። «+ ሁለት ቁጥር ይዞ አንድ ያደርጋል።» «= ግራና ቀኙ ልክ ካልሆነ ዕረፍት የለውም።» «0 ሲደመር ማንንም አይለውጥም፤ ሲባዛ ግን የነካውን ሁሉ ራሱን ያደርጋል።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ልብ በሉ። ዜሮ በአንድ በኩል ከሁሉም የዋህ ነው፣ በሌላ በኩል ከሁሉም አደገኛ። ደራሲ ቁጭ ብሎ ቢያስብ ከዚህ የተሻለ ገጸ ባሕርይ ማምጣቱን እጠራጠራለሁ።

አሁን ወደ ገላቸው እንሂድ። እዚህ ጋ ረጋ ብለን እንቆይ፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነውና።

3+5 እና 5+3 አንድ ናቸው። ስለዚህ + ግራና ቀኝ አይለይም፤ ከየትኛውም ወገን ቁጥር ሊይዘው ይችላል። ×ም እንደዚሁ ነው። − ግን ሌላ ነው። 7−3 አራት ነው፤ 3−7 ደግሞ ነጌቲቭ አራት። ማን በግራ፣ ማን በቀኝ እንደቆመ ውጤቱን ይለውጠዋል። ችግሩ የምልክቱ ቅርጽ ይህን አያሳይም። ከግራ ብታዩት፣ ከቀኝ ብታዩት ያው አግድም መስመር ነው። አቅጣጫውን እናንተ ልትሰጡት ይገባል። የቀኝ ጫፉን ሹል አድርጉት። የሚቀንሰው በቀኙ ያለውን ቁጥር ስለሆነ ሹሉ ወደዚያ ያመልክት። ÷ን ለማስገባት ካሰባችሁ እሱም ይህን ይፈልጋል፤ 8÷2 እና 2÷8 በጭራሽ አይገናኙም።

=ን በጥንቃቄ ሳሉት። ይህን ምልክት በ1557 በታተመ መጽሐፉ ያስተዋወቀው የዌልሱ ሮበርት ሬኮርድ ነው። ሁለት ትይዩ መስመር የመረጠበትን ምክንያት ሲያስረዳ ከእነሱ የበለጠ እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች እንደሌሉ ጽፏል። የእሱ መስመሮች ዛሬ ከምንጽፋቸው በጣም ይረዝሙ ነበር። ይህን ለእንቅስቃሴ ተጠቀሙበት። = ሲረጋጋ ይርዘም፣ ሲጨነቅ ይጠር። ግራና ቀኙ ልክ ካልሆኑ አንደኛው መስመር ይዝመም። ልክ ሲሆኑ ሁለቱም ቀጥ ይበሉ። ያለ አንዲት ቃል ትክክሉና ስሕተቱ ይነበባል።

ዐይን ይሳልባቸው ወይስ አይሳል? የእኔ ምክር አትሳሉ ነው። ዐይን ከገባ ተመልካቹ ዐይኑን ብቻ ያያል፣ ምልክቱን ይረሳዋል። ስሜትን በፍጥነት፣ በመኮማተር፣ በመዘግየት መግለጽ ይቻላል። ለትንንሽ ልጆች ከሆነ የምትሠሩት ግን ዐይን ይረዳል። ያኔ ቁጥሮቹ ብቻ ዐይን ይኑራቸው፣ +ና − የመሳሰሉት አይኑራቸው። ሁለቱ የተለያየ ዓይነት ፍጡር መሆናቸው በአንድ እይታ ይለያል።

ደረጃ 3፦ የዓለሙን ሕግ አውጡ

አንድ ዝርያ ዝርያ የሚባለው የሚወለድበት፣ የሚኖርበትና የሚሞትበት መንገድ ሲኖረው ነው። ይህን ሁሉ ከራሱ ከሒሳቡ ውሰዱት፤ ከኪሳችሁ አታውጡ።

ልደቱን አይተናል። ሞትስ? 5 እና −5 ሲደመሩ 0 ይሆናሉ። ወይም ዜሮ ×ን ይዞ መጥቶ ቁጥሩን ያባዛዋል። ከእነዚህ ሌላ ሞት አይኑር። በፍንዳታ ጠፋ፣ ገደል ገብቶ ቀረ የሚባል ነገር የለም። አንድ ቁጥር ያለ ምክንያት ከጠፋ ተመልካቹ ዓለሙን ማመን ያቆማል።

ቀጥሎ ማዕረግ ነው። 2+3×4 ስንት ነው? 20 የሚል ብዙ ነው፤ መልሱ 14 ነው። × ከ+ ቀድሞ ይሠራል። ይህ የማኅበረሰባቸው ሥርዓት ይሁን፤ × ሲመጣ + ቆም ይበል፣ ተራውን ይጠብቅ። ቅንፍ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። (2+3)×4 በትክክል 20 ነው። ቅንፍ ውስጥ የገባ + ከ× በፊት ሥራውን ይጨርሳል፣ ማንም አይነካውም። ከዚህች ሕግ ብቻ ሌላ ሙሉ ክፍል ይወጣል፤ ሁልጊዜ ተራ ጠባቂ የሆነ + ለመጀመሪያ ጊዜ ቅንፍ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ክልክሉ ደግሞ በዜሮ ማካፈል ነው። «1÷0 ኢንፊኒቲ ነው» ብለው የሚሠሩ አሉ። ትክክል አይደለም። 1ን በ0.1 ብናካፍል 10፣ በ0.01 ብናካፍል 100፣ በ0.001 ብናካፍል 1000 እያለ ይወጣል። ከነጌቲቩ ወገን ስንመጣ ግን በ−0.1 −10፣ በ−0.01 −100 እያለ ይወርዳል። ከሁለቱ ወገን የሚመጡት በፍጹም አይገናኙም፤ ስለዚህ 1÷0 የሚቆምበት ቦታ የለውም። ይህን እንዳለ ብታሳዩት ከፍንዳታ ይልቅ ያስደነግጣል። ስክሪኑን ለሁለት ክፈሉት። በቀኝ ቁጥሩ ወደ ላይ ይተኮስ፣ በግራ ወደ ታች፣ መሐል ላይ ዜሮ ብቻውን ይቅር።

ደረጃ 4፦ ዕድሜና ዘር ስጧቸው

እነዚህ ምልክቶች እውነተኛ ዕድሜ አላቸው፤ መፍጠር አያስፈልጋችሁም። የዜሮን የስሌት ሕግ ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ በ628 ጽፏል። +ና −ን በመጽሐፍ አትሞ ያወጣው ጀርመናዊው ዮሐንስ ቪድማን ነው፣ በ1489። √ በ1525 ከክሪስቶፍ ሩዶልፍ መጽሐፍ ወጣ። × በ1631 በዊልያም ኦትሬድ፣ ∞ በ1655 በጆን ዋሊስ፣ ፓይ (π) ደግሞ በ1706 በዊልያም ጆንስ መጡ።

ከእነዚህ ዓመቶች ታሪክ ቅዱ። በኅትመት ዕድሜ ካሰብነው +ና − =ን ሳያዩ 68 ዓመት ኖረዋል። ማን ልክ እንደሆነ የሚነግር ሳይኖር ማለት ነው። √ም ሲወለድ ከላይ የሚዘረጋው መስመር አልነበረውም፤ ያንን የጨመረለት ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት ነው፣ በ1637። የ√ን ልጅነት ማሳየት ከፈለጋችሁ ያለ መስመሩ ሳሉት።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ጎሳ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል፦ የግእዝ ቁጥሮች። ከግሪክ ፊደላት የመጡ ናቸው፣ ከላይና ከታች መስመር አላቸው፣ ዜሮን አያውቁትም። ፲ ውስጥ 1 እና 0 የሉም፤ ፲ ራሱን የቻለ አንድ ገላ ነው። ፻ም፣ 10,000 የሆነው ፼ም እንደዚሁ። 2015 ሲጻፍ ፳፻፲፭ ነው። ፳ ከ፻ በፊት ሲቆም ያባዛዋል፤ ፲ እና ፭ ተከትለው ሲቆሙ ይደመራሉ። ያለ +፣ ያለ ×፣ በአቋቋማቸው ብቻ!

ለአኒሜሽን ይህ ሀብት ነው። + ወደዚህ ጎሳ አገር ቢመጣ ሥራ ያጣል። ዜሮም ቢመጣ የሚያውቀው የለም። አንድ ትዕይንት ላሳያችሁ። 205 እና ፪፻፭ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንድ ቁጥር ናቸው። ዜሮ ከ205 መሐል ተነስቶ ቢሄድ 25 ይቀራል። ፪፻፭ ግን የሚነቃነቅበት ነገር የለም። በአሥር ሰከንድ የሁለቱ ጎሳ ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንዲህ ያለውን ነገር በአማርኛ ቢሠራ አይቼ አልጠግበውም።

ደረጃ 5፦ ዋናዋን ትዕይንት ገንቡ

አሁን 40 ሰከንዳችንን እንሥራ። √ን እንደ በር እንውሰደው። 4 ከግራ ይገባል፣ 2 በቀኝ ይወጣል። 9 ይገባል፣ 3 ይወጣል። ሕጉን ለመረዳት ሁለት ምሳሌ ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ስኩዌሩ 4 የሚሆን፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ 4 የሚሰጥ ቁጥር 2ም −2ም ነው፤ √4 ሲባል ግን 2 ብቻ ነው። ከበሩ ሁለቱንም ካስወጣችሁ ሒሳብ የሚያውቅ ተመልካች ወዲያው ይይዛችኋል።

ሦስተኛ የሚገባው 2 ነው። የሚወጣው 1.41421356… ነው፤ ጅራቱ አያልቅም፣ እየተደጋገመም አይሄድም። ግንባሩ ስክሪኑን አቋርጦ ሲያልፍ ጅራቱ ገና ከበሩ አልወጣም። ትዕይንቱ እስኪያልቅ ድረስ ከኋላ ይለፍ። ማንም ስለ እሱ ምንም አይበል።

ከዚያ −1 ይመጣል። ይገባል። በቀኝ ምንም አይወጣም። አንድ ሰከንድ ሙሉ፣ ማለትም 24 ፍሬም (ፍሬም አንዱ የቆመ ምስል ነው)፣ ከዚያ ረጅም ጅራት በቀር ምንም አይንቀሳቀስ። ከዚያ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይነሳ። እስካሁን ሁሉም ቁጥሮች የቆሙት በአንድ አግድም መስመር ላይ ነበር። ከዜሮ ተነስቶ ወደ ላይ የሚሄድ ሌላ መስመር እንዳለ ያን ጊዜ ይታያል። እዚያ ላይ፣ ከዜሮ አንድ እርምጃ ከፍ ብሎ፣ «አይ» (i) ቆሟል። የ−1 ስኩዌር ሩት፣ የኢማጂነሪ ቁጥሮች መነሻ።

የ«አይ» ጠባይ ግልጽ ነው፦ ×ን ይዞ የነካውን ቁጥር በግራ በኩል 90 ዲግሪ ያዞራል። 3ን ሲያባዛው 3 ከአግድሙ መስመር ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። እንደገና ሲያባዛው −3 ላይ ያርፋል። ሦስተኛው ወደ ታች ይወስደዋል፣ አራተኛው ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ሁለት ዙር 3ን ወደ −3 እንዳደረሰው ያየ ተመልካች «አይ» በራሱ ሲባዛ −1 መሆኑን አየ ማለት ነው። ስታንቀሳቅሱት ግን ከቦታ ቦታ አታዝልሉት። ዜሮን ማዕከል አድርጎ በክብ መስመር ይዙር።

አርባው ሰከንድ እዚህ ያልቃል። ለቀጣዩ ክፍል ያንኑ ክብ ተጠቀሙ። ራዲየሱ 1 የሆነ ክብ ላይ 1 ከቦታው ተነስቶ የፓይን ያህል፣ 3.14159… ርቀት ቢጓዝ −1 ላይ ይደርሳል። የኦይለር ቀመር፣ e^(iπ) = −1፣ የሚለው ይህንኑ ነው፤ የቤከር ፍጡርም ከዚህ የተሠራ ነው። ጉዞውን በ2 ሰከንድ ለማሳየት 180 ዲግሪውን ለ48 ፍሬም ብታካፍሉት በየፍሬሙ 3.75 ዲግሪ ይደርሳል።

ደረጃ 6፦ ስቶሪቦርድ

ስቶሪቦርድ ታሪኩ በየሳጥኑ በንድፍ የሚሳልበት ወረቀት ነው፤ 12 ሳጥን ይበቃል። በየሳጥኑ ሥር በዚያች ቅጽበት ያለውን ቀመር በቁጥር ጻፉ። ቀመሩን መጻፍ ካቃታችሁ ትዕይንቱ ገና አልበሰለም። ሲያልቅ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ በማንኛውም የቪዲዮ ማቀናበሪያ ደርድሯቸው፤ እያንዳንዱ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ወስኑ። የሚጎተት ቦታ ካለ ስዕል ሳትጀምሩ እዚሁ ይታወቃል።

ደረጃ 7፦ መሣሪያና ልኬት

ኮምፒውተር ካላችሁ ብሌንደር፣ ክሪታ ወይም ኦፕንቱንዝ አውርዱ፤ ሦስቱም በነፃ ናቸው። ስልክ ብቻ ከሆነ ፍሊፓክሊፕ ያስጀምራል። ማኒም የሚባል፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራ ላይብረሪም (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) አለ፤ ግራንት ሳንደርሰን «ስሪ ብሉ ዋን ብራውን» ለሚለው ቻናሉ የሠራው ነው። ግራፍና ትክክለኛ ክብ ለማውጣት አንደኛ ነው። ጠባይ ላለው ፍጡር ግን በእጅ የተሳለው ይሻላል።

ስክሪኑን 1920 በ1080፣ ፍጥነቱን በሰከንድ 24 ፍሬም አድርጉ። 40 ሰከንድ 960 ፍሬም ነው። አንዱን ስዕል ለሁለት ሁለት ፍሬም ካቆያችሁት 480 ስዕል ይሆናል። አትደንግጡ። እያንዳንዱን ምልክት በራሱ ሌየር (ንጣፍ) አንድ ጊዜ ሳሉትና በኪ ፍሬም፣ ማለትም መነሻና መድረሻውን ብቻ ወስናችሁ መሐሉን ለፕሮግራሙ በመተው፣ አንቀሳቅሱት፤ እንደ አዲስ የምትስሉት የሚለጠጥበትንና የሚጨፈለቅበትን ብቻ ነው። ለ«አይ» ዙር የማዞሪያው ነጥብ ልክ ዜሮ ላይ መቀመጡን አረጋግጡ። ካልሆነ ቁጥሩ ከክቡ ያፈነግጣል።

ደረጃ 8፦ እንቅስቃሴ

1+1 2 የሚሆንበትን አንድ ሰከንድ እንመልከት። ከፍሬም 1 እስከ 6 + ይኮማተራል፤ ኃይል እያጠራቀመ ነው። ከ7 እስከ 12 ሁለቱን 1ዎች ይስባል፤ እነሱም ወደሚጓዙበት አቅጣጫ ትንሽ ይለጠጣሉ። 13 እና 14 ላይ ይጋጫሉ፣ ይጨፈለቃሉ። ከ15 እስከ 20 2 ይወጣል፣ ከመጠኑ ትንሽ በልጦ። በቀሩት አራት ፍሬሞች ወደ ልኩ ይመለሳል።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ትልቅ ወጥመድ አለ። ሌላ ገጸ ባሕርይ ዘንበል ቢል ያው ነው፤ የሒሳብ ምልክት ግን ዘንበል ሲል ሌላ ሰው ይሆናል። + 45 ዲግሪ ከዞረ × ነው። 1 ከተጋደመ − ይመስላል። 6 ከተገለበጠ 9 ነው፣ 8 ከተኛ ∞። ስለዚህ + ሲደሰት ይዝለል እንጂ አይዙር። 1 ሲደክመው ይጠር እንጂ አይተኛ። በ«አይ» ዙር ጊዜም የሚዞረው የቁጥሩ ቦታ ነው፤ ገላው እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ ይቁም። +ን በ45 ዲግሪ ማዞር የሚፈቀደው እውነትም ወደ × ሲለወጥ ብቻ ነው፤ 2+2+2 ወደ 2×3 ሲያድግ ለምሳሌ። ያኔ ዙሩ ትርጉም አለው፣ ያምራልም።

ደረጃ 9፦ ድምፅ

ብዙ አትጨምሩ። = ሚዛኑን ሲያገኝ ሁለት እኩል ኖታ፣ ሲያጣ ሁለት የማይስማሙ። ለ√2 ጅራት አንድ ቀጭን ድምፅ ስጡት፤ እሱም አያልቅ። −1 ገብቶ ሲጠፋ ከዚያች ቀጭን ድምፅ በስተቀር ሁሉም ዝም ይበል።

ደረጃ 10፦ መፈተሽ

ቪዲዮውን እያቆማችሁ በስክሪኑ ላይ ያለፈውን እያንዳንዱን ቀመር ጻፉና በካልኩሌተር አረጋግጡ። ከዚያ ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያለ ድምፅ አሳዩት። «ወደድከው?» ወይም «ወደድሽው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው ላለማስከፋት አዎ ይላል። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ «− የቱን ቁጥር ነው የሚቀንሰው?» እና «−1 በሩ ውስጥ ከገባ በኋላ የት ሄደ?» የመጀመሪያው ካልተመለሰ የ−ን ሹል ጫፍ አጉልታችሁ ሳሉት። ሁለተኛው ካልተመለሰ የካሜራውን አነሳስ አዘግዩት፣ ተጨማሪ 12 ፍሬም ስጡት። ሁለቱም ከተመለሱ ኤክስፖርት አድርጉና ልቀቁት።